የቦክሰኞች ሪከርድ እንዴት ይነበባል? የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የምንጊዜም ታላቁ ቦክሰኛ ማን ነው የሚል ክርክር በተነሳ ቁጥር አንዱ ሁለት ቁጥር ይዞ ይመጣል፤ ስንት አሸነፈ፣ ስንት ተሸነፈ። ቁጥሩን ከተናገረ በኋላ ክርክሩ ያለቀለት ይመስለዋል። የቦክስ ሪከርድ ግን እንደ እግር ኳስ የደረጃ ሰንጠረዥ አይነበብም። በሊግ ሁሉም ቡድን ከሁሉም ጋር ይጫወታል፤ በቦክስ ተጋጣሚን የሚመርጡት ማናጀሩና የግጥሚያው አዘጋጅ ናቸው። ስህተቱ ሁሉ የሚጀምረው ይህን ከመርሳት ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

«ያልተሸነፈ ይበልጣል»

ከሁሉም የሚያሰለቸው ይህ ነው። ሮኪ ማርሲያኖ 49 ጊዜ ተጋጥሞ 49ኙንም አሸንፏል፣ 43ቱን በዝረራ። ፍሎይድ ሜይዌዘር 50 ለ0 ነው፣ 50 ድል ያለ አንድ ሽንፈት። ብዙዎች የምንጊዜም ታላቁ የሚሉት ሹገር ሬይ ሮቢንሰን 19 ጊዜ ተሸንፏል። በዜሮ ከለካን ሮቢንሰን ከሁለቱም ያንሳል። በዚሁ ልኬት ግን የታይላንዱ ዋንሄንግ ሜናዮቲን በ2020 እስኪሸነፍ ድረስ 54 ለ0 ደርሶ ስለነበር ሜይዌዘርን ይበልጣል ማለት ነው። ይህን የሚቀበል የቦክስ ተከታታይ የለም፤ ስለዚህ ልኬቱ ራሱ ውድቅ ነው።

የሮቢንሰንን 19 ሽንፈቶች አንድ በአንድ እንያቸው። በ1940 ጀምሮ 40 ተከታታይ ግጥሚያ ካሸነፈ በኋላ በፌብሩዋሪ 1943 በጄክ ላሞታ ተሸነፈ። ላሞታ በዚያ ምሽት በ7 ኪሎ ገደማ ይከብደው ነበር። ሮቢንሰን በሦስት ሳምንት ውስጥ ሌላ ተጋጣሚ አሸንፎ፣ እዚያው ዲትሮይት ላሞታንም መልሶ ረታው። ከዚያ በኋላ በ91 ግጥሚያዎች አልተሸነፈም። ሁለተኛው ሽንፈት በጁላይ 1951 ለንደን ላይ በራንዲ ተርፒን የደረሰበት ሲሆን፣ በሴፕቴምበር ኒው ዮርክ ላይ በ10ኛው ዙር አስቁሞ ቀበቶውን አስመለሰ። ሦስተኛው በጁን 1952 ነው። በ40 ዲግሪ ሙቀት፣ በሰባት ኪሎ ከሚበልጠው የቀላል ከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ጆይ ማክሲም ጋር ተጋጥሞ፣ በሦስቱም ዳኞች የነጥብ ወረቀት እየመራ ሳለ ሙቀቱ አዝሎት ለ14ኛው ዙር መነሳት አልቻለም። በዚያው ዓመት መጨረሻ ጓንቱን ሲሰቅል የነበረው ሽንፈት ሦስት ብቻ ነው። የቀሩት 16ቱ በ1955 ከተመለሰ በኋላ የመጡ ናቸው፤ አምስቱ በ44 ዓመቱ፣ በ1965። አስራ ዘጠኝን እንደ አንድ ቁጥር የሚያነብ ሰው የ21 ዓመቱን ሮቢንሰንና የ44 ዓመቱን ሰው አንድ አድርጎ እየቆጠረ ነው።

ዜሮ እንዴት እንደሚሠራም ማወቅ ያስፈልጋል። በ1940ዎቹ የቦክሰኛ ገቢ በብዛት ከመግቢያ ትኬት ነበር፤ በወር ሁለትና ሦስት ጊዜ የሚጋጠም ሰው አንድ ምሽት ቢሸነፍ በሚቀጥለው ሳምንት ሥራ አያጣም። ዛሬ ትልቁ ገንዘብ ከቴሌቪዥን ሽያጭ ይመጣል፣ አንድ ሽንፈትም የቦክሰኛውን የገበያ ዋጋ ያወርዳል። ስለዚህ ማናጀሩ የመጀመሪያዎቹን 15 እና 20 ግጥሚያዎች የሚሞላው በሥራቸው መሸነፍ በለመዱ ሰዎች ነው። ሁሊዮ ሴሳር ቻቬዝ በ1993 ከፐርኔል ዊታከር ጋር ሲገጥም 87 ለ0 ነበር። በዚያ ምሽት ዊታከር በልጦ ነበር፤ ሁለት ዳኞች 115 ለ115 ነጥብ ስለሰጡ ብቻ አቻ ተባለ። ዜሮው ተረፈ፣ እውነቱ ግን ሌላ ነው።

የማርሲያኖን ትልልቅ ድሎችም እንዲሁ መመልከት ይገባል። ጆ ሉዊስ 37 ዓመቱ ነበር፣ ጀርሲ ጆ ዋልኮት 38፣ አርቺ ሙር ቢያንስ 38። ኤዛርድ ቻርልስ ዕድሜው ገና 32 ቢሆንም ከ90 በላይ ግጥሚያ አሳልፏል። ይህ ማርሲያኖን አያሳንሰውም፤ በዘመኑ የነበሩትን ሁሉ አሸንፏል። ሜይዌዘርም ቢሆን ታላቅነቱ የሚታየው በ50ኛው ግጥሚያ አይደለም፤ ያኔ የገጠመው ኮነር ማግሪጎር በፕሮፌሽናል ቦክስ የመጀመሪያ ግጥሚያው ላይ ነበር። የሜይዌዘርን ልክ ማየት የሚፈልግ ጃንዋሪ 2001ን ይክፈት፤ 33 ለ0 የነበረውን ዲዬጎ ኮራሌስን አምስት ጊዜ ጥሎ ያስቆመበትን።

«12 ዙርም 15 ዙርም ያው ነው»

የሻምፒዮና ግጥሚያ ድሮ 15 ዙር ነበር፣ ዛሬ 12 ነው። ያው አይደለም፤ በታሪክ የምናውቃቸውን ሪከርዶች ይለውጣል። በሴፕቴምበር 1952 ማርሲያኖ ከዋልኮት ጋር 12 ዙር ሲጨርስ በሦስቱም ዳኞች ወረቀት ተመርቶ ነበር። በ13ኛው ዙር በአንድ ቀኝ እጅ ዘረረው። ግጥሚያው በዛሬው ሕግ ቢሆን ኖሮ ማርሲያኖ በነጥብ ተሸንፎ፣ 49 ለ0 የሚባል ነገር አይኖርም ነበር። በጁን 1941 ቢሊ ኮን ከ12 ዙር በኋላ ጆ ሉዊስን በሁለት ዳኞች ወረቀት ይመራ ነበር፣ በሦስተኛው እኩል ናቸው፤ ሉዊስ በ13ኛው ዙር ማብቂያ ላይ ዘረረው። ሉዊስ ቀበቶውን 25 ጊዜ አስጠበቀ ስንል ይህንንም ቆጥረን ነው። በ1981 ሬይ ሌናርድም ቶማስ ሄርንስን በ14ኛው ያስቆመው በሦስቱም ወረቀት እየተመራ ነበር።

ለውጡ የመጣው በኖቬምበር 1982 ኮሪያዊው ዱክ ኩ ኪም ከሬይ ማንቺኒ ጋር በ14ኛው ዙር ተመትቶ ከሞተ በኋላ ነው። የዓለም ቦክስ ካውንስል ወዲያው ወደ 12 ወረደ፣ ሌሎቹ እስከ 1988 ተከተሉት። ስለዚህ ሁለት ዘመን ሲወዳደር መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ፦ ድሉ በስንተኛው ዙር መጣ? ከ12ኛ በኋላ ያለ ድል ሁሉ ለብቻው ይታይ።

«ብዙ ቀበቶ ያለው ይበልጣል»

በ1938 ስምንት ሚዛን ነበር፣ በየሚዛኑም በመርህ ደረጃ አንድ ሻምፒዮን። ዛሬ አራት ትልልቅ ድርጅቶች፣ በጋራ የሚቀበሏቸውም 17 ሚዛን አሉ፤ ጊዜያዊና «ሱፐር» የሚባሉትን ሳንጨምር 68 ቀበቶ። ሄንሪ አርምስትሮንግ ከኦክቶበር 1937 እስከ ኦገስት 1938 ባሉት አስር ወር በማይሞሉ ጊዜያት የላባ፣ የዌልተርና የቀላል ሚዛን ቀበቶዎችን በአንድ ላይ ያዘ። ከ57 ኪሎ እስከ 66.7 ኪሎ ባለው በዚያው ርቀት ዛሬ አምስት ሚዛን አለ። «እሱ በሦስት ሚዛን ብቻ ነው» የሚለው ሰው ይህን ቆጥሮ ይመለስ።

«በመዝገብ ላይ ያለው ቁጥር አንድ ነው፣ አይለያይም»

ይለያያል። በ1910ዎቹ በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ውሳኔ መስጠት በሕግ የተከለከለ ነበር፤ በኒው ዮርክ ከ1911 እስከ 1917 ሁለቱም ቆመው ከጨረሱ አሸናፊ አይታወጅም። የተወራረዱ ሰዎች የሚቀበሉት በማግስቱ ጋዜጣ የጻፈውን ነው። 300 ገደማ ግጥሚያ ያደረገው፣ በ1919 ብቻ 45 ጊዜ ሪንግ የወጣው ሃሪ ግሬብ አብዛኛው ድሉ እንዲህ ያለ ነው። አንዱ መዝገብ የጋዜጣ ውሳኔዎችን ይደምራል፣ ሌላው ይተዋቸዋል፤ የድሉ ቁጥርም ከመቶ በላይ ይለያያል። በኋላ የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን የሆነውን ጂን ተኒን በፕሮፌሽናል ሕይወቱ ያሸነፈው ብቸኛ ሰው ግሬብ ነው፣ በ1922። የግሬብ ግጥሚያ ፊልም ግን እስካሁን አልተገኘም፤ እሱን መመዘን የሚቻለው በተጋጣሚዎቹ ብቻ ነው።

«የዝረራ መቶኛ የቡጢ ኃይል መለኪያ ነው»

ዲዮንቴ ዋይልደር በ2020 ከታይሰን ፉሪ ጋር ዳግም ሲገጥም ከ42 ድሉ 41ዱ በዝረራ ነበር፤ ጆ ሉዊስ ከ66 ድሉ 52ቱን። መቶኛው ዋይልደርን ያስበልጣል፤ ሉዊስ ግን ከዘረራቸው መካከል ሽሜሊንግ፣ ካርኔራ፣ ማክስ ቤርና ብራዶክ፣ ሁሉም የዓለም ሻምፒዮን የነበሩ፣ ይገኛሉ።

«ክብደቱ አንድ ከሆነ ፉክክሩ እኩል ነው»

ድሮ የሚመዘኑት በግጥሚያው ዕለት ጠዋት ነበር። ከ1980ዎቹ ወዲህ ምዘናው ከአንድ ቀን በፊት ሆኗል፤ ውሃ አድርቆ ሚዛን ላይ ወጥቶ በ24 ሰዓት ውስጥ መልሶ መሙላት ተለመደ። በፌብሩዋሪ 2000 አርቱሮ ጋቲ በ64 ኪሎ ገደማ ተመዝኖ በማግስቱ ሪንግ የወጣው ከ72 ኪሎ በላይ ሆኖ ነው። ተጋጣሚው ጆይ ጋማሽ በሁለተኛው ዙር ተዘርሮ የቦክስ ሕይወቱ በዚያው አበቃ። በከባድ ሚዛንም ማርሲያኖ 84 ኪሎ ገደማ ነበር፤ ዛሬ ከ90.7 ኪሎ በታች ያለ ሰው ከከባድ ሚዛን በታች ባለው ክሩዘር ሚዛን ውስጥ ነው።

«የድሮዎቹ እንቅስቃሴ አስቂኝ ነው»፦ በእጅ በሚዞር ካሜራ ተቀርጾ በተሳሳተ ፍጥነት የሚታይ ፊልም ነው።

ማወዳደር የሚፈልግ ወረቀት ይያዝ። የቦክሰኛውን ሥራ በሦስት ይክፈለው፤ መነሻ፣ ጉልምስና፣ ቁልቁለት። ከጉልምስናው ዘመን አስር ምርጥ ተጋጣሚዎችን ይምረጥና ለእያንዳንዱ አምስት ነገር ይጻፍ፦ በዚያን ቀን የነበረው ሪከርድ፣ ዕድሜው፣ የሁለቱ ክብደት፣ ከቀደመው ግጥሚያ ያለፈው ቀን፣ የተጋጠሙበት ከተማ የማን እንደሆነ። የተጋጣሚን ሪከርድ በመጨረሻው ቁጥር ሳይሆን በዕለቱ በነበረው መውሰድ ግዴታ ነው። ሽንፈቶቹንም ለብቻ ይጻፍ፤ በድጋሚ ግጥሚያ የተመለሰ ሽንፈት እንዳልተመለሰው አይቆጠርም።

ከዚያ በወረቀቱ ላይ የሌሉትን ስሞች ይፈልግ። ጥቁሩ ቦክሰኛ ሳም ላንግፎርድ ከ1902 እስከ 1926 ተጋጥሞ የዓለም የከባድ ሚዛን ሻምፒዮና ዕድል አንድም ቀን አላገኘም። ራሱም ጥቁር የነበረው ጃክ ጆንሰን በ1906 በነጥብ አሸንፎት ነበር፤ ሻምፒዮን ከሆነ በኋላ ግን አልገጠመውም። ነጮቹ ሻምፒዮኖችም ጥቁር ተጋጣሚን ይሸሹ ስለነበር፣ ጆንሰን በ1915 ቀበቶውን ካጣ ጀምሮ እስከ ጆ ሉዊስ 1937 ድረስ ለከባድ ሚዛን ቀበቶ የተጋጠመ ጥቁር ቦክሰኛ የለም። ላንግፎርድ ሌላውን ጥቁር ቦክሰኛ ሃሪ ዊልስን ከአስር ጊዜ በላይ የገጠመው፣ ዓይኑ እየደከመም ሽንፈት ያበዛው፣ ሌላ በር ስለተዘጋበት ነው። የዚያ ዘመን ነጭ ሻምፒዮኖች ሪከርድ የጎደለውም ልክ እነዚህን ሁለት ስሞች ነው።