ኮርትላንት፦ መንገዱ የፈረሰበት ጣቢያ

ደብሊው ቲ ሲ (የዓለም ንግድ ማዕከል) ኮርትላንት በኒው ዮርክ፣ በታችኛው ማንሃታን፣ ከግሪኒች ጎዳና ሥር የሚገኝ የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ነው። ሁለት ሐዲድና ግራና ቀኝ ሁለት የመሳፈሪያ መድረኮች አሉት፤ የሚቆምበትም 1 ቁጥር ባቡር ነው። በአሠራሩ እዚህ ግባ የሚባል ልዩነት የለውም። ልዩ ያደረገው በላዩ የወረደበት ነው።

አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 1918 ሲሆን፣ ስሙን ያገኘው በአናቱ ከሚያልፈው የኮርትላንት መንገድ ነበር። መንገዱ ከዚያ በኋላ የሬዲዮና የመለዋወጫ ነጋዴዎች ሠፈር ሆኖ ቆየ። በ1960ዎቹ ለዓለም ንግድ ማዕከል ግንባታ ሱቆቹ ፈረሱ፤ ከመንገዱም አብዛኛው ተቆርጦ ጠፋ። ከመሬት በታች ያለው ጣቢያ ግን ስሙን እንደያዘ ቀረ።

መስከረም 1 ቀን 1994 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001)፣ እኛ እንቁጣጣሽን በምናከብርበት ዕለት፣ የንግድ ማዕከሉ መንትያ ሕንፃዎች ሲደረመሱ የብረት ምሰሶዎች አስፋልቱን በስተው ዋሻው ውስጥ ገቡ። ጣቢያው ፈረሰ። ሐዲዱ በአንድ ዓመት ውስጥ ተጠግኖ በሴፕቴምበር 2002 ባቡር ቢመለስበትም፣ ከቼምበርስ ጣቢያ እስከ ሬክተር ጣቢያ ባለው መንገድ ሳይቆም ማለፍ ግድ ሆነበት።

ጣቢያው እስኪከፈት ለምን 17 ዓመት ገደማ ፈጀ? አንዱ ምክንያት ከሥሩ ነበር። የኒው ዮርክና ኒው ጀርሲ ወደብ ባለሥልጣን አዲሱን የመጓጓዣ ማዕከል የሠራው በባቡሩ ዋሻ ሥር ጭምር ነው። አፈሩ ከታች ሲዛቅ ዋሻው በብረት ድጋፍ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ባቡሩም በውስጡ መመላለሱን አላቋረጠም። ከምሕንድስናው ይልቅ የሚያደክመው ግን የሁለት መሥሪያ ቤቶች ክርክር ነበር፦ የወደብ ባለሥልጣኑና የምድር ውስጥ ባቡሩን የሚያስተዳድረው ኤም ቲ ኤ በወጪው ላይ ሲወዛገቡ ዓመታት አለፉ። ኤም ቲ ኤ ቦታውን ተረክቦ ሥራውን በሙሉ ኃይል የገፋው በ2015 ነው።

ጣቢያው ጳጉሜን 3 ቀን 2010 ዓ.ም. (ሴፕቴምበር 8 ቀን 2018) እንደገና ተከፈተ፤ ለእንቁጣጣሽ ሦስት ቀን ሲቀረው መሆኑ ነው። እድሳቱ ከ181 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወስዷል። በመድረኮቹ ላይ ያሉት ዓምዶች ከሌሎች ጣቢያዎች በቁጥር ያነሱ ናቸው፤ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀሱ ሰዎችም መግቢያ አለው። አየሩን የሚያቀዘቅዝ ሥርዓትም ተገጥሞለታል። በሙቀቱ ወራት በኒው ዮርክ ጣቢያዎች ባቡር የጠበቀ ሰው ይህ ምን ያህል ጸጋ እንደሆነ ያውቃል።

ግድግዳው ላይ የአሜሪካዊቷ አርቲስት አን ሃሚልተን የነጭ ዕብነ በረድ ሞዛይክ አለ። ከአሜሪካ የነጻነት መግለጫና በ1948 ከጸደቀው ሁለንተናዊ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ የተወሰዱ ቃላት እርስ በርስ ተጠላልፈው ተጽፈውበታል። የሕንፃዎቹም ሆነ የሟቾቹ ስም የለበትም። ፊደሉ ነጭ፣ መደቡም ነጭ በመሆኑ የቸኮለ መንገደኛ ባዶ ግድግዳ ነው ብሎ ሊያልፈው ይችላል፤ ለማንበብ ጠጋ ማለት ያስፈልጋል።