ኢምፕሮቫይዜሽን ማለት እንደመጣ መጫወት ነው?

ብዙ ሰው በሙዚቃ ኢምፕሮቫይዜሽን (እዚያው እየፈጠሩ መጫወት) ሲባል «ያለ ምንም ዝግጅት፣ እንደመጣላቸው ነው የሚጫወቱት» ይላል። ነገሩ ግን እንደዛ አይደለም። ኖታው አይጻፍ እንጂ መነሻ አለው።

የጃዝ ሳክስፎን ተጫዋቹን ጆን ኮልትሬንና ድራመሩን ራሺድ አሊን እንውሰድ። በ1967 እ.ኤ.አ. ኒው ጀርሲ ውስጥ ስቱዲዮ ገቡ። አንድ ሳክስፎን፣ አንድ ድራም፣ በቃ! ቤዝም ፒያኖም የለም። በዚያ ቅጂ ላይ ኮልትሬን አብዛኛውን ጊዜ ቃጭል ያቃጭልና አጭር ዜማ ይዞ ይነሳል። ከዚያ ዜማውን ይሰባብረዋል፣ ይበትነዋል፤ መጨረሻ ላይ ሰብስቦ ይመለሳል። ቃጭሉም አንዳንዴ መዝጊያ ይሆናል። አሊ ደግሞ ቋሚ ምት አይጠብቅም። እየሰማ ይመልሳል፣ ይገፋል፣ አንዳንዴም ብቻውን ይቀራል። እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ ጆሮ ያደክማል። ምቱን ከመቁጠር ይልቅ ማን እንደጀመረና ማን እንደመለሰ መከታተል ይቀላል።