ተቀይሮ የመጣ ቅንጡ ክሮስኦቨር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አንድ ሞዴል ተቀይሮ ሲመጣ መጀመሪያ የምናየው ፊቱን ነው። መብራቱ ቀጥኗል፣ ስክሪኑ ሰፍቷል፣ ቀለሙ ያምራል። እዚያው ቆመን "ከድሮው በጣም ይበልጣል" ብለን እንፈርዳለን። ቢኤምደብሊው ኤክስ3፣ ሌክሰስ ኤንኤክስ፣ አኩራ አርዲኤክስና መሰሎቻቸው ክሮስኦቨሮች፣ ማለትም ቁመታቸው ከፍ ያሉ የቤተሰብ መኪኖች፣ ግን ብዙ ገንዘብ የሚወጣባቸው ናቸው። ዓይን ብቻውን ሲወስን ያሳዝነኛል። ደጋግሜ የምሰማቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ላንሳ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

"መልኩ ከተቀየረ መኪናው አዲስ ነው"

ሁለት ዓይነት ለውጥ አለ። አንዱ ፊት ማደስ ነው። መብራት፣ ፓራውልትና ስክሪን ይቀየራል፤ ከሥር ያለው መኪና ግን ያው ነው። ሌላው የትውልድ ለውጥ ነው። የኤክስ3 ትውልዶች የወጡት በ2003፣ በ2010፣ በ2017 እና በ2024 ነው። በየሰባት ዓመቱ ማለት ነው። የትውልድ ለውጥም ቢሆን ሁሉም እኩል አይደለም። ኤንኤክስ በ2021 ሲቀየር ፕላትፎርሙ፣ ማለትም መኪናው የቆመበት መሠረት፣ አብሮ ተቀየረ። የ2024ቱ ኤክስ3 ግን የቀድሞውን መሠረት አሻሽሎ ነው የቀጠለው። ይሄ ጉድለት አይደለም። ብቻ ቀለም ከመምረጣችሁ በፊት "ከሥሩ ምን ተቀየረ?" ብላችሁ ጠይቁ።

"ሲሊንደር ከቀነሰ ጉልበት ቀነሰ"

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አርዲኤክስን እንይ። እስከ 2018 ሞዴል ድረስ ባለ 3.5 ሊትር ቪ6፣ ማለትም ስድስት ሲሊንደር፣ ሞተር ነበረው፤ 279 የፈረስ ጉልበት። የ2019 ሞዴል በባለ 2.0 ሊትር ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ) አራት ሲሊንደር መጣ፤ 272 የፈረስ ጉልበት። ወረቀቱን ያየ ሰው "ደከመ" ይላል። ቶርኩን፣ ማለትም ሞተሩ የሚያዞርበትን ኃይል፣ ግን እዩት። ከ342 ወደ 380 ኒውተን ሜትር አድጓል። ደግሞም ቪ6ቱ ቶርኩ ሙሉ የሚሆንለት በደቂቃ ወደ 4,900 ዙር ሲደርስ ነበር። ቱርቦው ከ1,600 ዙር ጀምሮ ይሰጣል። በየቀኑ ስንነዳ ሞተሩ የሚውለው ደግሞ ዝቅተኛው ዙር ላይ ነው። ከመብራት ስትነሱ፣ ዳገት ስትወጡ ልዩነቱ ይሰማችኋል።

እውነት ለመናገር የሚጎድልም አለ። የቪ6 ልስላሴና ድምፅ አይገኝም። ቱርቦም ሲጨነቅ ነዳጅ ይጠጣል።

ኢንፊኒቲ ኪውኤክስ50 ደግሞ ሌላ ትምህርት ነው። የ2019 ሞዴል የመጣው የሲሊንደሩን የመጭመቅ ምጣኔ (በውስጡ ያለው አየርና ነዳጅ ምን ያህል እንደሚታመቅ) ከ8 እስከ 14 ለ1 እንደ ሁኔታው በሚቀያይር ሞተር ነው። ድንቅ ሥራ ነው፣ ሁሉም ያወራውም ስለእሱ ነው። በዚያው ለውጥ ግን መኪናው በመሠረቱ ከኋላ የሚገፋ መሆኑ ቀርቶ ከፊት የሚጎትት ሆነ። ካምቢዮውም ወደ ሲቪቲ፣ ማለትም ቋሚ ማርሾች ወደሌሉት አውቶማቲክ፣ ተቀየረ። የአነዳድ ስሜት ለሚወድ ሰው ይሄ ከሞተሩ በላይ የሚያሳስብ ነው።

"አራቱም ጎማ ስለሚጎትት አያንሸራትትም"

ለመነሳት ይረዳል፣ ለመቆም አይረዳም። የትኛውም መኪና ፍሬን ሲያዝ በአራቱም ጎማ ነው የሚቆመው። ያኔ መሬቱን የሚይዘው ጎማው ራሱ ነው።

"ቸርኬው በተለቀ ቁጥር ይሻላል"

ለዓይን ያምራል። ግን የጎማው ጠቅላላ ቁመት ስለማይጨምር የጎማው ጎን ቁመቱ ያጥራል፤ ጉድጓዱ ወገባችሁ ድረስ ይመጣል። ከፍ ባለው ደረጃ የቀረበውን መኪና ነድታችሁ "አዲሱ ይንጣል" ከማለታችሁ በፊት ትንሹን ቸርኬ ሞክሩ።

"አምስት ኮከብ ያው አምስት ኮከብ ነው"

አይደለም፤ ኮከቡ የተሰጠበትን የግጭት ፈተና ዓመት እዩ። ፈተናው ራሱ እየከበደ ነው የሚሄደው። የአሜሪካው የአውራ ጎዳና ደህንነት የኢንሹራንስ ተቋም በ2021 የጎን ግጭት ፈተናውን አጠበቀ። የሚጋጨው ነገር ክብደት ከ1,500 ወደ 1,900 ኪሎ ገደማ፣ ፍጥነቱም በሰዓት ከ50 ወደ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍ አለ። ሁለቱ ሲደመሩ ግጭቱ ከቀድሞው በ82 በመቶ የበለጠ ኃይል አለው። የድሮው ፈተና ላይ ጥሩ ያገኘ መኪና ከአዲሱ ጋር እኩል አይወዳደርም። የቤተሰብ መኪና ከሆነ እኔ ከሁሉም ነገር አስቀድሜ የማየው ይሄንን ነው።

"ስክሪኑ ከሰፋ ቴክኖሎጂው ተራቋል"

ስክሪን ሲሰፋ ብዙ ጊዜ ቁልፎች ይጠፋሉ። የአውሮፓው የመኪና ደህንነት ፈታኝ ዩሮ ኤንካፕ ከ2026 ጀምሮ እንደ ፍሬቻና ዝናብ መጥረጊያ ላሉት ራሳቸውን የቻሉ መቆጣጠሪያዎች መኖራቸውን ነጥብ ውስጥ አስገብቷል። እናንተም ቀላል ፈተና አለላችሁ። ቆማችሁ ሳለ ዓይናችሁን ከፊት ሳታነሱ የአየር ማቀዝቀዣውን ዝቅ አድርጉ። ካቃታችሁ እየነዳችሁ ይብሳል።

"አንድ ዙር ከነዳሁት ይበቃኛል"

አንድ ዙር ላይ አዲስ መኪና ሁሉ ይጥማል። ጎርበጥባጣ መንገድ ላይም፣ ፈጣን መንገድ ላይም ውሰዱት። ሬዲዮውን አጥፉና የነፋሱንና የጎማውን ድምፅ አድምጡ። የሚቻል ከሆነ ሲመሽም ንዱት፤ መብራቱ ቀን ላይ አይታይም። የሹፌሩን ወንበር ለራሳችሁ ካስተካከላችሁ በኋላ ደግሞ ወርዳችሁ ከኋላው ተቀመጡ። ጉልበታችሁ ከነካ፣ የሚሳፈሩላችሁም ጉልበታቸው ይነካል።