«ጃፓኖች ሌት ተቀን ሠርተው ነው ያደጉት» ለምትሉ ሁሉ

የምሠራው በአንድ ፋብሪካ ክሊኒክ ውስጥ ነው። ባለፈው ሰሞን ለሠራተኞች የማነቃቂያ ሥልጠና ተሰጥቶ ነበር። አሠልጣኙ መድረክ ላይ ወጣና «ጃፓኖች በቀን ሦስት ሰዓት ብቻ እየተኙ ነው አገራቸውን የገነቡት፤ ሥራ ሰው ገድሎ አያውቅም!» አለ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔ ማጨብጨብ አልቻልኩም። ይህን አባባል ታክሲ ውስጥ፣ ሬዲዮ ላይ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ሰምቼዋለሁ። በቃ ሰልችቶኛል። ሥራ ሰው እንደሚገድል ቆጥራ፣ መዝግባ፣ በሕግ አምና የተቀበለች አገር ብትኖር ጃፓን ናት።

ካይዘን የሚባለውን የሥራ ማሻሻያ ዘዴ ከጃፓን ወስደናል። ጥሩ አደረግን። ካሮሺ የሚለውን ቃል ግን እዚያው ትተነው መጣን።

«ሥራ ሰው አይገድልም»

ካሮሺ የሦስት ቃላት ድምር ነው፤ ከልክ ማለፍ፣ ልፋት፣ ሞት። በሥራ ብዛት መሞት ማለት ነው። መጀመሪያ ተመዝግቦ የሚጠቀሰው ጉዳይ የ1969 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በአንድ ትልቅ ጋዜጣ የማከፋፈያ ክፍል የሚሠራ የ29 ዓመት ወጣት በስትሮክ ሞተ። ሞቱ ከሥራው የመጣ መሆኑ ታምኖበት ካሳ የተፈቀደው በ1974 ነው። ከዚያ በኋላ ዶክተር ቴትሱኖጆ ኡኤሃታና ባልደረቦቻቸው ተመሳሳይ ሞቶችን እየሰበሰቡ ማጥናት ያዙ። በ1988 ሐኪሞችና ጠበቆች ተባብረው የስልክ መስመር ከፈቱ። ከደዋዮቹ ብዙዎቹ ባሎቻቸውን ያጡ ወይም ሊያጡ የፈሩ ሚስቶች ነበሩ። በ2014 ፓርላማው ካሮሺን ለመከላከል ራሱን የቻለ ሕግ አወጣ።

አሁን አንድ ሰው በስትሮክ ወይም በልብ ሕመም ሲወድቅ መርማሪዎቹ የትርፍ ሰዓቱን ይቆጥራሉ። ከመውደቁ በፊት በነበረው አንድ ወር 100 ሰዓት ገደማ ትርፍ ሰዓት ሠርቶ ከሆነ፣ ወይም ከ2 እስከ 6 ወር ባለው ጊዜ በአማካይ በወር ከ80 ሰዓት በላይ ከሠራ፣ ሕመሙ ከሥራው ጋር በጥብቅ የተያያዘ ነው ይላሉ።

80 ሰዓት ከየት መጣ? ሒሳቡ ከእንቅልፍ ነው የሚነሳው። በወር 20 ቀን የሚሠራ ሰው 80 ሰዓት ትርፍ ከሠራ በቀን አራት ሰዓት ይደርስበታል። መደበኛው ስምንት፣ ምሳ አንድ፣ ትርፍ አራት፤ 13 ሰዓት ሄደ። ለመንገድ፣ ለመብላት፣ ለመታጠብና ለቤተሰብ አምስት ሰዓት ያህል ቀንሱ። ለእንቅልፍ የሚተርፈው ስድስት ነው። ትርፉ 100 ሰዓት ሲሆን እንቅልፉ ወደ አምስት ይወርዳል። በዚህ ሁኔታ ወር ከወር ሲቀጥል የደም ግፊት ሌሊትም አልወርድ ይላል። የደም ሥር ማረፊያ ያጣል። ጃፓኖች ያስተዋሉት ይህን ነው።

በ2023 የበጀት ዓመት 216 ሰዎች ከሥራ ብዛት በመጣ የአንጎልና የልብ ሕመም ካሳ ተፈቅዶላቸዋል። ከነዚህ 58ቱ ሞተዋል። በሥራ ምክንያት በመጣ የአእምሮ ሕመም ደግሞ 883 ሰዎች። ይህ አመልክተው የተፈቀደላቸው ብቻ ነው። ያላመለከተው በቁጥሩ ውስጥ የለም።

በአንጎልና በልብ ሕመም በኩል ዝርዝሩን የሚመራው የትራንስፖርት ዘርፍ ነው። ይህን ሳነብ አንድ ሰው ትዝ ይለኛል። የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፣ 41 ዓመቱ። ጅቡቲ ደርሶ ሳያርፍ ይመለሳል፤ እንቅልፍ እንዳይጥለው ጫት ይቅማል። አንድ ቀን ራሴን አመመኝ ብሎ መጣ። ግፊቱ 170 በ110 ሆኖ አገኘሁት። «ሦስት ቀን እረፍ፣ ወረቀት እጽፍልሃለሁ» አልኩት። «ሲስተር፣ ማታ ጭነት አለብኝ» አለኝ። መድኃኒቱን ይዞ ሄደ። በሁለተኛው ሳምንት ቀኝ ጎኑ ሽባ ሆነ፣ አንደበቱም ተያዘ። ልጠይቀው ቤቱ ስሄድ ዘመዶቹ «የሰው ዓይን ነው» አሉኝ። ሚስቱ ግን የጉዞ ወረቀቶቹን ከመሳቢያ አውጥታ አሳየችኝ። በዚያ ወር ቤቱ ያደረው አራት ሌሊት ብቻ ነበር።

«ወጣት ነው፣ ምን ይሆናል» የምትሉ፣ የመጀመሪያው ሰው 29 ዓመቱ ነበር።

«ካሮሺ ማለት ራስን ማጥፋት ነው»

አይደለም። ካሮሺ በዋናነት ስትሮክና የልብ ሞት ነው። በሥራ ብዛት ራስን ለማጥፋት መድረስ ካሮጂሳቱ የሚባል የራሱ ስም አለው። በ1991 በአንድ የማስታወቂያ ድርጅት የሚሠራ የ24 ዓመት ወጣት ራሱን አጠፋ። በ2000 የጃፓን ጠቅላይ ፍርድ ቤት አሠሪው ተጠያቂ ነው አለ።

«እሱ የጃፓን በሽታ ነው»

የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በ2021 ያወጡት ግምት አለ። በ2016 ብቻ ረጅም የሥራ ሰዓት ባመጣው ስትሮክና የልብ ሕመም በዓለም ላይ 745,000 ሰዎች ሞተዋል። በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመያዝ ዕድሉ በ35 በመቶ ይጨምራል። ዋሽንግተን ቀን አንድ ቦታ፣ ማታ ሌላ ቦታ የሚሠራው ወንድማችን፣ ቤሩትና ሪያድ የሰው ቤት ውስጥ ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት የምትቆመው እህታችን ይህ ቁጥር ይመለከታቸዋል። ጃፓን የተለየችው ስም ስላወጣችለትና ስለቆጠረችው ነው።

«ግን እኮ በዚያ ነው ያደጉት»

በ1960ዎቹ ረጅም ሰዓት ይሠሩ ነበር፣ ልክ ነው። ዛሬ ግን የአንድ ጃፓናዊ ሠራተኛ አማካይ የዓመት ሰዓት 1,600 ገደማ ነው፤ የአሜሪካኑ 1,800 ይደርሳል። በርግጥ አማካዩን ዝቅ የሚያደርጉት በቀን ለጥቂት ሰዓት ብቻ የሚሠሩት ብዙ ስለሆኑ ነው፤ ሙሉ ጊዜ የሚሠራው አሁንም ከዚያ በላይ ይለፋል። ታዲያ ያ ሁሉ ልፋት ምን አመጣ? በአንድ የሥራ ሰዓት በሚገኝ ምርት ጃፓን ለአሥርተ ዓመታት ቡድን ሰባት ከሚባሉት የበለጸጉ አገሮች መጨረሻ ላይ ቆይታለች። ካይዘንም ቢሆን ብክነትን ቀንስ ነው የሚለው። ሰዓት ጨምር አይልም። ከ2019 ጀምሮ ሕጉ ትርፍ ሰዓትን በመደበኛው በወር 45፣ በዓመት 360 ሰዓት ላይ ገድቦታል። ልዩ ስምምነት ቢኖር እንኳ በአብዛኛው ሥራ በዓመት ከ720 ማለፍ አይቻልም።

ስለ ጃፓን የሚወሩ ሦስት ትንንሽ አባባሎችን ደግሞ ቶሎ ልጨርሳቸው።

«ጃፓን ውስጥ ወፍራም ሰው በሕግ ይቀጣል።» አይቀጣም። ከ2008 ጀምሮ ከ40 እስከ 74 ዓመት ያሉ ሰዎች በምርመራ ወገባቸው ይለካል፤ 85 ሴንቲ ሜትርና በላይ የሆነ ወንድ፣ 90 እና በላይ የሆነች ሴት ሌላም የጤና ችግር ከታየባቸው ምክር ይሰጣቸዋል። የምክሩ ውጤት በ2020 ሲጠና የቀነሱት ክብደት በጣም ትንሽ ሆኖ ተገኝቷል።

«በቀን 10,000 እርምጃ የሐኪም ትእዛዝ ነው።» ቁጥሩ የመጣው በ1965 ጃፓን ውስጥ ለገበያ ከቀረበ የእርምጃ መቁጠሪያ ስም ነው። መራመዱን ግን አትተዉ።

«ዕድሜያቸው የረዘመው በዘራቸው ነው።» ከ1951 ጀምሮ ለ30 ዓመት ያህል ጃፓንን በአንደኛነት ይገድል የነበረው ስትሮክ ነው። ዘሩ ያኔም ያው ነበር። የተለወጠው ጨው መቀነሱ፣ ግፊት በየመንደሩ መለካቱና መታከሙ ነው። ወደ ሃዋይና ካሊፎርኒያ የሄዱ ጃፓናውያን ሲጠኑም አገር ቤት ካሉት ይልቅ የልብ ሕመም በዝቶባቸው ተገኝቷል።

«ግፊቴ ክሊኒክ ተለክቶ ደህና ነው»

ይቺ ደግሞ የየቀን ራስ ምታቴ ናት። በሰሜን ጃፓን፣ ኢዋቴ ውስጥ ኦሃሳማ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ተመራማሪዎች ለነዋሪዎቿ የግፊት መለኪያ አድለው ቤታቸው እንዲለኩ አደረጉ። ከዚያ ለዓመታት ተከታተሏቸው። ማን በስትሮክ እንደሚያዝ ቤት የተለካው ቁጥር ሐኪም ፊት ከተለካው የተሻለ ተናገረ። የቤት መለኪያ ወሰን 135 በ85 ነው መባሉም በአብዛኛው ከዚህ ጥናት የመጣ ነው። በእረፍት ቀን ክሊኒክ ስትመጣ 125 የሆነ ግፊት ሥራ ቦታ 150 ሊሆን ይችላል። ይህን የተደበቀ ግፊት አንድ ቀን መጥታችሁ በመለካት አታገኙትም።

ስለዚህ መለኪያ ግዙ። በክንድ ላይ የሚታሰረውን፤ የእጅ አንጓውን ተዉት። ጠዋት ከእንቅልፍ በተነሣችሁ በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ ሽንት ሸንታችሁ፣ ቁርስና መድኃኒት ሳትወስዱ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ ቁጭ ብላችሁ ለኩ። ቡና ከዚያ በኋላ። ማታም ከመተኛታችሁ በፊት። ሁለት ሁለት ጊዜ ለክታችሁ በደብተር ጻፉ። የሥራ ቀንና የእረፍት ቀን ለይታችሁ ጻፉ። የሌሊት ፈረቃ ካላችሁ እሱንም ምልክት አድርጉበት።

ከፈረቃ እስከ ፈረቃ ደግሞ የ11 ሰዓት ዕረፍት ይኑራችሁ። በ2021 ጃፓን የካሮሺ መመዘኛዋን ስታሻሽል ከዚህ ያነሰ ዕረፍትን እንደ ጫና ቆጥራዋለች። የኛም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ትርፍ ሰዓት በቀን ከአራት፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይለፍ ይላል። አለቆች፣ የፈረቃ ሰሌዳውን የምትጽፉት እናንተ ናችሁና አንዴ አውጥታችሁ ቁጠሩት። እኔ የኛን ቆጥሬ ለአስተዳደሩ አስገብቻለሁ።

የሹፌሩ ሚስት አሁን እኛው ማሸጊያ ክፍል ትሠራለች። ባሏን በየጠዋቱ ለክታ በልጇ ደብተር ጀርባ ላይ ትጽፋለች። ሰኞ ሰኞ ታሳየኛለች። የዚህ ሳምንት አማካዩ 132 በ84 ነው።