ዜሮ ዜሮ መኪና ምንድን ነው? ጎንደር ሆኖ ትንሽ አዲስ መኪና ለሚገዛ

ዜሮ ዜሮ የሚባለው ከዚህ በፊት ባለቤት ያልነበረው፣ ሰሌዳ ያልወጣለት፣ ከአስመጪ ወይም ከአገር ውስጥ መገጣጠሚያ በቀጥታ የሚሸጥ አዲስ መኪና ነው። ቆጣሪው ላይ ግን ድፍን ዜሮ አይጠብቁ። የፋብሪካ ሙከራው፣ መርከብ ላይ መውጣትና መውረዱ፣ ደረቅ ወደብ ውስጥ ከቦታ ቦታ መንቀሳቀሱ ተደምሮ ከ5 እስከ 50 ኪሎ ሜትር ቢያሳይ ጤነኛ ነው። በመቶዎች ከቆጠረ ተጭኖ ሳይሆን እየተነዳ መጥቷል፣ አለዚያም ሲዞርበት ከርሟል። ምክንያቱን ይጠይቁ፣ ዋጋውም ላይ ይነጋገሩበት።

ቆጣሪው የሚመሰክረው ስለ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። መኪናው መቼ እንደተመረተ፣ ዋስትናው ከየትኛው ቀን እንደሚቆጠር፣ ሻጩ በእርግጥ እጁ ላይ ይኑረው አይኑረው አይናገርም። ጎንደር ተቀምጦ አዲስ አበባ ያለ መኪና የሚገዛ ሰው የሚጎዳው በነዚህ ሦስቱ ነው። ስለዚህ ውል የሚገቡት «ዲዛየር» ወይም «ሲጋል» በሚል የሞዴል ስም ሳይሆን በአንድ የታወቀ የሻንሲ ቁጥር (የመኪናው አካል ላይ በተጻፈ መለያ ቁጥር) ይሁን። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ አንድ ነገር ጋር የተያያዘ ነው።

ዕድሜውን ከራሱ ከመኪናው ማንበብ

የሻንሲ ቁጥር 17 ፊደልና አኃዝ አለው። ቻይና የተመረተ መኪና በ«ኤል» ፊደል ይጀምራል፤ አሥረኛው ቦታ ላይ ያለው ምልክት ደግሞ የሞዴል ዓመቱን ይናገራል። «ኤን» ከሆነ እ.ኤ.አ. 2022፣ «ፒ» 2023፣ «አር» 2024፣ «ኤስ» 2025 ነው። ይህን ከጎማው ጋር ያመሳክሩ። የጎማው ጎን ላይ ሞላላ ቅርጽ ውስጥ አራት አኃዝ ተጽፏል፤ 1524 ካለ ጎማው እ.ኤ.አ. በ2024 በ15ኛው ሳምንት ተመርቷል ማለት ነው። ጎማው ከመኪናው ጥቂት ወራት ቢቀድም ችግር የለውም። ሁለት ዓመት የቆመ መኪና ግን ቆጣሪው ዜሮ ቢሆንም ጎማው አንድ ቦታ ላይ ተጋድሞ ሊጎብጥ፣ ትንሹ የ12 ቮልት ባትሪ ሊሞት ይችላል። የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ ዋናው ባትሪም ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ ወይም ተሟጦ በሙቀት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲቆም ይጎዳል። ሻጩ የቆመበትን ጊዜና አሁን ያለውን የቻርጅ መጠን በፎቶ እንዲልክልዎ ይጠይቁ። ይህ ከባድ ጥያቄ አይደለም፤ መኪናው እጁ ላይ ያለ ሻጭ በአምስት ደቂቃ ይልከዋል።

ከቻይና በሚመጡት ላይ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። እዚያ አንዳንድ መኪና በወረቀት ተሸጦ በአንድ ድርጅት ወይም ሰው ስም ይመዘገባል፤ ከዚያ ሳይነዳ «ያገለገለ» ተብሎ ወደ ውጭ ይላካል። ቆጣሪው ዜሮ ነው፣ ወረቀቱ ግን ሁለተኛ ባለቤት ይላል። የአምራቹ ዋስትና ብዙ ጊዜ ከመጀመሪያው ምዝገባ ቀን ስለሚቆጠርና ለቻይና ገበያ የተሰጠ ዋስትና ከዚያ አገር ውጭ ስለማይሠራ፣ ገዢው ዋስትና ያለው መስሎት ያለ ዋስትና ይቀራል። መፍትሔው ዲክላራሲዮኑን ማየት ነው፤ ጉምሩክ ላይ አዲስ ወይስ ያገለገለ ተብሎ እንደተመዘገበ ሰነዱ ላይ ተጽፏል።

ዋጋው ለምን ከወር ወር ይለያያል?

ትንሽ መኪና ርካሽ የሚሆነው በመጠኑ ብቻ አይደለም። በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 መሠረት አዲስ የቤት መኪና ሞተሩ እስከ 1,300 ሲሲ ከሆነ ኤክሳይዙ 5 በመቶ፣ ከዚያ በላይ እስከ 1,800 ሲሲ 60 በመቶ፣ ከ1,800 ሲሲ በላይ 100 በመቶ ተደረገ። የሱዙኪ ዲዛየር 1,197 ሲሲ ስለሆነ 5 በመቶው ውስጥ ይገባል። አንዳንዱ የቶዮታ ያሪስ ሞተር ግን በአፍ «1.3» ይባል እንጂ ትክክለኛ መጠኑ 1,329 ሲሲ ነው፤ በ29 ሲሲ ብልጫ 60 በመቶ ውስጥ ይወድቃል። ኤክሳይዙ የሚሰላበት ዋጋ 1,000,000 ብር ቢሆን ታክሱ በአንደኛው 50,000፣ በሌላው 600,000 ብር ነው። ሁለት ተመሳሳይ የሚመስሉ መኪኖች ዋጋ የተራራቀበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ይኸው ነው።

በጥር 2016 ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር ኤሌክትሪክ ያልሆኑ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አሳወቀ። ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ የሚታየው የቤንዚን ዜሮ ዜሮ በአብዛኛው ቀድሞ የገባ ክምችት ነው። አዲስ ስለማይተካ ሻጩ ዋጋ ለመቀነስ አይቸኩልም፤ ዕድሜውን ማንበብም በተለይ እዚህ ላይ ያስፈልጋል።

ለኤሌክትሪክ መኪና እ.ኤ.አ. በ2022 የገንዘብ ሚኒስቴር ቫት፣ ሱር ታክስና ኤክሳይዝ አንስቶ የጉምሩክ ቀረጡን ሙሉ ተገጣጥሞ ለሚገባ 15 በመቶ፣ በከፊል ተፈታቶ ለሚገባ 5 በመቶ፣ ሙሉ በሙሉ ተፈታቶ አገር ውስጥ ለሚገጣጠም ዜሮ አደረገ። ይህ ምን ያህል እንደሚከብድ በቁጥር እንየው። ጅቡቲ እስኪደርስ ጭነትና ኢንሹራንሱን ጨምሮ 1,000,000 ብር የወጣበት መኪና 15 በመቶ ቀረጥ ሲከፈልበት 1,150,000 ይሆናል። ቫት ካለ የዚህ 15 በመቶ፣ 172,500 ብር ይጨመራል። ሱር ታክስ 10 በመቶ ደግሞ ቫቱም ተደምሮበት ከ1,322,500 ላይ ስለሚሰላ 132,250 ብር ይሆናል። ሁለቱ ብቻ 304,750 ብር ናቸው። የታክስ መመሪያ በተቀየረ ቁጥር የመኪና ዋጋ በአንድ ሳምንት የሚዘለው አንዱ ታክስ በሌላው ላይ እየተሰላ ስለሚሄድ ነው። ስለዚህ ፕሮፎርማው (የሻጩ የዋጋ ማቅረቢያ) ላይ «ከነሙሉ ታክሱ» የሚል ቃል ይጻፍ፤ ከፊርማ በኋላ የሚመጣ የታክስ ጭማሪ በማን ላይ እንደሚያርፍም ይገለጽ።

ዶላሩ ሌላው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው የባንክ ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ ወዲህ አስመጪዎች ፕሮፎርማ የሚያጸኑት ለአጭር ጊዜ ነው። ፕሮፎርማው ላይ ጸንቶ የሚቆይበት ቀን ከሌለ ዋጋው የዛሬ ብቻ እንደሆነ ይቁጠሩት።

«አለ» ሲባል የት ነው ያለው?

«አለ፤ ቀብዱን ላክና ላስይዝልህ» የሚለው የደላላ ስልክ ሦስት የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላል። አንደኛው፣ መኪናው ቀረጡ ተከፍሎ ሻጩ ግቢ ቆሟል። ሁለተኛው፣ ጅቡቲ ወይም ሞጆ ደረቅ ወደብ ደርሷል፣ ገና አልወጣም። ሦስተኛው፣ ገና ሊታዘዝ ነው። የመጀመሪያው ውድ ነው፣ ግን ዋጋው አይናወጥም። ሁለተኛው የመርከብ ሰነድና የሻንሲ ቁጥር ስላለው ማረጋገጥ ይቻላል። ሦስተኛው የሻንሲ ቁጥር የለውም፤ ርካሽ የሚመስለውም የምንዛሬውንና የመዘግየቱን ስጋት ገዢው ስለሚሸከም ነው። በእኛ ግምት ለጎንደር ገዢ ሦስተኛው የሚያዋጣው ውሉ ላይ ቁርጥ ዋጋ፣ የማስረከቢያ ቀንና የመዘግየት መቀጫ ሲኖር ብቻ ነው።

ገንዘቡ ምን ተብሎ እንደሚላክም ለውጥ ያመጣል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1885 ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ቀብዱን ለቅቆ ውሉን ማፍረስ ይችላል፤ ቀብድ የተቀበለ ደግሞ እጥፉን ከፍሎ ማፍረስ ይችላል። 200,000 ብር ቀብድ የተቀበለ ሻጭ ዋጋ ስለጨመረ ብቻ ልተወው ቢል 400,000 መመለስ አለበት ማለት ነው። «ቅድመ ክፍያ» ተብሎ ከተጻፈ ግን ገንዘቡ የዋጋው አካል ነው፤ ይህ የእጥፍ መብት በራሱ አይመጣም፣ መቀጫ ከፈለጉ ውሉ ላይ ማጻፍ አለብዎ። ብዙ የአስመጪ ውሎች ሆን ብለው ቅድመ ክፍያ የሚሉት ለዚህ ነው። የትኛው ቃል እንደገባ ሳያዩ አይፈርሙ። ክፍያው በባንክ፣ ደረሰኝ ላይ ባለው ድርጅት ስም በተከፈተ ሒሳብ ይግባ፤ በደላላው ወይም በሽያጭ ሠራተኛው የግል ሒሳብ አይሆንም።

ደረሰኙን ዝቅ አድርጌ ልቁረጥልህ ለሚል ሻጭ እሺ አይበሉ። ኋላ ክርክር ቢነሳ የከፈሉትን የሚያሳይ ሰነድ አይኖርዎትም። ሙሉ ኢንሹራንስ ሲገቡም በዝቅተኛው ዋጋ ከገቡ ጉዳት ሲደርስ ካሳው በዚያው ልክ ይቀነሳል።

ጎንደር ሲደርስ የሚለወጡ ነገሮች

ጎንደር ከባሕር ወለል 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ወደ 10 በመቶ ጉልበት ያጣል። 998 ሲሲ የሆነው ሱዙኪ ኤስ ፕሬሶ በወረቀት 67 የፈረስ ጉልበት ቢኖረው እዚህ 53 አካባቢ ይቀረዋል፤ አምስት ሰው ጭኖ ወደ ቁስቋም ወይም ወደ ጎሃ ሲወጣ ይታወቃል። በተቻለ መጠን 1,200ዎቹን ይምረጡ። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ስለማይፈልግ ከፍታ አይቀንሰውም።

ኤሌክትሪክ ከሆነ ሁለት ነገር ይጣራ። ቢዋይዲ ሲጋል ባለ 30.08 እና ባለ 38.88 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ይመጣል። 305 እና 405 ኪሎ ሜትር የሚለው በቻይና መለኪያ ነው፤ በዳገትና በጭነት ከዚያ ያነሰ ይጠብቁ። በቤት ሶኬት በ10 አምፔር ከባዶ ለመሙላት ትንሹ 15 ሰዓት፣ ትልቁ 20 ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ባለ 32 አምፔር ቻርጀር ወደ 6 ሰዓት ያወርደዋል። መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር ይህ ልዩነት ብዙ ነው፤ ሌሊቱን በድምሩ ለአምስት ሰዓት ብቻ መብራት ቢኖር በሶኬቱ የሚገባው 11 ኪሎዋት ሰዓት እንኳ አይሞላም። የተከራዩት ቤት ከሆነ መስመሩ ኧርዝ (ወደ መሬት የተቀበረ የደኅንነት ሽቦ) ያለው፣ ከመብራት ቆጣሪው ለብቻው ተስቦ የራሱ ብሬከር ያለው እንዲሆን ኤሌክትሪሺያን ያሳዩ፤ ቀጭን ሽቦ ሌሊቱን ሙሉ ሲግል ሶኬቱን ያቀልጣል። ሁለተኛው የሚጣራው መኪናው ላይ ያለው የቻርጅ ሶኬት ዓይነት ነው። ለቻይና ገበያ የተሠራው ጂቢቲ፣ ለውጭ ገበያ የተሠራው በአብዛኛው ሲሲኤስ 2 ነው፤ አዳፕተር ካስፈለገ ከዋጋው ጋር ይካተት። የስክሪኑ ቋንቋም ቻይንኛ ብቻ መሆን አለመሆኑን በቪዲዮ ይዩ።

ከአዲስ አበባ ጎንደር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እየነዱ ከመጡ የአባይ በረሃን ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ መልሶ መውጣት አለ፤ አዲስ ሞተር ደግሞ በመጀመሪያው 1,000 ኪሎ ሜትር አብዝቶ መጨነቅ የለበትም። የመጀመሪያው ሰርቪስ በ1,000 ኪሎ ሜትር ከሆነ ቤት በደረሱ ማግስት ሊደርስብዎ ነው። ዋስትና ደግሞ በተፈቀደ ጋራዥ ሰርቪስ ካልተደረገ ሊሰረዝ ይችላል። ስለዚህ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር የሚሠራላቸው ጋራዥ መኖሩን በስም፣ በጽሑፍ ያስይዙ። በሎቤድ (መኪና ጫኝ ተሽከርካሪ) ማስጫን ወጪ አለው፣ ለኤሌክትሪክ ግን ሌላ ምርጫ የለም ማለት ይቻላል። የጭነት ኢንሹራንሱ በማን ስም እንደሆነ፣ መንገዱም ክፍት መሆኑን ከመጫኑ በፊት ያጣሩ።

አዘዞ ላይ መኪናው ሲወርድ የርክክብ ወረቀት ላይ ከመፈረምዎ በፊት የሻንሲ ቁጥሩን ከመኪናው አካል፣ ከዲክላራሲዮኑና ከደረሰኙ ጋር አንድ በአንድ ያመሳክሩ። አንድ ፊደል እንኳ ቢለያይ ሊብሬ ሲያወጡ ትራንስፖርት ቢሮ ይመልስዎታል፣ ለማስተካከልም ወረቀቱ አዲስ አበባ ድረስ ይመለሳል። ሁለት ቁልፍ፣ ክሪክ፣ የቻርጅ ገመድ ይቁጠሩ፤ ትናንሽ የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ መለዋወጫ ጎማ የላቸውም፣ በምትኩ የጎማ መድፈኛና ትንሽ መንፊያ ይሰጣል። የ12 ቮልቱ ባትሪ ቆሞ ሳለ ሲለካ ከ12.4 ቮልት በታች ከሆነ፣ ቀለሙም ከተጫረ፣ የርክክቡ ወረቀት ላይ ሾፌሩ ባለበት ይጻፍና እሱም ይፈርምበት።