ካሽ ነው ትራንስፈር? የሐዋሳ ሰው አከፋፈል

ሐዋሳ ፒያሳ ካፌ ገብታችሁ ሒሳብ ስትጠሩ አስተናጋጇ «ካሽ ነው ትራንስፈር?» ትላችኋለች። ካሸሯ አጠገብ ላሚኔት የተደረገ ወረቀት ተለጥፏል። በ1000 የሚጀምረው ባለ13 አሃዝ ቁጥር የንግድ ባንክ ነው፤ ከሥሩ ቴሌብር አለ፤ ከዚያ የሌሎቹ ባንኮች ይደረደራሉ።

ካርድ ግን ሌላ ነገር ነው። እዚህ ካርድ ማለት ባብዛኛው ከኤቲኤም ብር ማውጫ ነው። ኢትስዊች ባንኮቹን ስላገናኛቸው የአንዱ ካርድ በሌላው ኤቲኤም ይሠራል፣ ካርድ የሚያስከፍለውን ፖስ ማሽን የምታዩት ግን ትልልቅ ሆቴልና ሱፐርማርኬት ነው። ሰዉ የሚከፍለው በስልኩ ነው።

ለምን ስትሉ ብዙዎቻችን ቶሎ «ዘመናዊነት» እንላለን። እኔ አይመስለኝም። ዋናው ነገር ዝርዝር ብር ነው። ባለሱቁ መልስ ሲያጣ ማስቲካ ወይም ክብሪት የሚሰጥበትን ዘመን የማያውቅ የለም፤ በስልክ ስትከፍሉ 87 ብር ከሆነ 87 ብር ነው፣ አለቀ። ትልቅ ዕቃ ላይ ደግሞ ችግሩ ይገለበጣል። ትልቁ የብር ኖታችን በ2013 የመጣው ባለ200 ነው፣ ስለዚህ የ30 ሺህ ብር ስልክ ልትገዙ 150 ኖት ይዛችሁ መናኸሪያ አካባቢ ግርግር ውስጥ መጋፋት ነው፤ ከዚያ ሻጩ አንድ በአንድ ይቆጥራል፣ ፎርጅድ እንዳይሆን ወደ ብርሃን እያነሳ ያያል፣ መሃል ላይ ስልክ ይደወልለትና ከአንድ ይጀምራል።

ማስረጃም አለ። ቤት ኪራይ «ከፍያለሁ፣ አልከፈልክም» የሚባለውን ጭቅጭቅ ሜሴጁ ይዘጋዋል። የዕቁብ ሰብሳቢዎችም ስክሪንሾት መቀበል ለምደዋል። በ2008 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የሚሠሩ ልጆች ደመወዛቸው በባንክ ይገባል፤ ለእናት ገጠር ለመላክ የአገር ሰው ወይም ሹፌር መለመን ቀርቷል።

የመንግሥት ግፊትም ቀላል አይደለም። ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን የጀመረው ግንቦት 2013 ነው፤ የሳፋሪኮም ኤም-ፔሳ ነሐሴ 2015 ተከተለ። ነገሩን ያከረረው ግን ነዳጅ ነው። ከግንቦት 1 ቀን 2015 ጀምሮ ክልል ላይም ነዳጅ በካሽ መግዛት ቀረ። የባጃጅ ከተማ ለሆነችው ሐዋሳ ይህ ትልቅ ነገር ነበር፤ ቀኑን ሙሉ አሮጌ አሥር አሥር ብር ሲሰበስብ የዋለ ሹፌር ማደያ ሲደርስ ስልኩ ውስጥ ብር ከሌለው ተሰልፎ መዋሉ ነው። አንዳንዱ ተሳፋሪውን «በቴሌብር ብትልክልኝስ?» ቢል አይገርምም። ስማርት ስልክ የሌለውም በ*127# ይልካል።

ጣጣውስ? ኔትወርክ ሲጠፋ ሁሉም ይጠፋል። የውሸት ሜሴጅ አሳይቶ የሚሄድም ስላለ ባለሱቆች የናንተን ስልክ አያምኑም፤ የራሳቸው ስልክ «ጢን» እስኪል ያቆሟችኋል። ስልክ ውስጥ ያለ ብር ደግሞ ሲያልቅ አይታወቅም የሚሉ አሉ፣ እውነት አላቸው።

አንድ ቅዳሜ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል የአሳ ገበያ ሁለት ቆሮሶ አሳ ጥብስ በልቼ፣ የአሳ ሾርባ ጠጥቼ፣ ልከፍል ስል ኔትወርኩ ድርግም አለ። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የጣልኩትን አጥንት ይለቅማሉ፣ እኔ ስልኬን ወደ ሐይቁ፣ ወደ ሰማይ አነሳለሁ። ሴትየዋ ሳቀችብኝ። መታወቂያዬን አስይዤ ኤቲኤም ፍለጋ በባጃጅ ሄድኩ፤ ባጃጁንም የከፈልኩት ተመልሼ ነው። ከዚያ ወዲህ የስልኬ ከቨር ውስጥ ባለ200 ብር አጥፌ አስቀምጣለሁ። እሱንም የሚዘረዝርልኝ ከተገኘ።