በ600 እና በ850 ሚሊዮን ዶላር መካከል፦ ሰው አገር ገብቶ መነገድ

ባዕድ ገበያ ለመግባት የሚያስብ ኩባንያ ስጋቱን በገንዘብ መተመን አለበት። የአፍሪካ ቴሌኮም ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው።

የደቡብ አፍሪካው ኤምቲኤን በ2001 (እ.ኤ.አ.) ለናይጄሪያ ፈቃድ 285 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያላት አገር ያኔ የነበራት ግማሽ ሚሊዮን ገደማ የስልክ መስመር ብቻ ነው። ስልክ ፈላጊው ሞልቷል፤ መብራቱ ግን ይጠፋል። ስለዚህ ታወሩን በጄኔሬተር ማንቀሳቀስ የግድ ሆነ። ያም ሆኖ ናይጄሪያ የኩባንያው ትልቁ ገበያ ለመሆን በቃች። ዱላው የመጣው በ2015 ነው። በአግባቡ ባልተመዘገቡ 5.1 ሚሊዮን ሲም ካርዶች የተነሳ 5.2 ቢሊዮን ዶላር ተቀጣ። ከብዙ ድርድር በኋላ ቅጣቱ ወደ 330 ቢሊዮን ናይራ (የናይጄሪያ ገንዘብ) ወረደ።

በ2021 ኢትዮጵያ በሯን ስትከፍት ዋጋ ያቀረቡት ሁለት ብቻ ነበሩ። ኤምቲኤን 600 ሚሊዮን ዶላር አለ። በኬንያው ሳፋሪኮም የሚመራው ጥምረት 850 ሚሊዮን አቅርቦ ፈቃዱን ወሰደ። ጦርነት ነበር። የሞባይል ገንዘብ መጀመሪያ በፈቃዱ አልተካተተም፤ ታወርም ወይ ራስህ መትከል፣ ወይ ከኢትዮ ቴሌኮም መከራየት ነበረብህ። ይህን ሁሉ ደምሮ 600 ያለውን ፈሪ ማለት ይከብደኛል።

ሳፋሪኮም ደግሞ ብቻውን አልመጣም። የደቡብ አፍሪካው ቮዳኮም፣ የጃፓኑ ሱሚቶሞ እና የእንግሊዝ መንግሥት የልማት ፋይናንስ ተቋም አብረው ገንዘብ አዋጡ። ከሰረም የሚከስረው አንድ ኪስ አይደለም ማለት ነው። አገልግሎቱንም አዲስ አበባ ላይ አልጀመረም። በ07 የሚነሳው ቁጥር መጀመሪያ የተሞከረው ነሐሴ 2022 ድሬዳዋ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ የደረሰው በጥቅምት። የሞባይል ገንዘብ አገልግሎቱ ኤም-ፔሳ የመጣው በ2023 ነው፤ የኢትዮ ቴሌኮሙ ቴሌብር ቀድሞ ገበያውን ይዞ ጠብቆታል።

በዚያው ዓመት ሚጋ የተባለው የዓለም ባንክ ቡድን አባል ለባለሀብቶቹ የ1 ቢሊዮን ዶላር ዋስትና ሰጠ። ሚጋ በመደበኛው የሚሸፍነው እንደ ጦርነት፣ በመንግሥት መወረስ እና ገንዘብ ከአገር እንዳይወጣ መከልከል ያሉትን ነው። የምንዛሪ መውደቅን አይሸፍንም። ሐምሌ 2024 ብር ለገበያ ሲለቀቅ ግን የመጣው ይኸው ነው። ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። ይህም ገቢው በብር፣ ዕቃው በዶላር የሆነውን የሳፋሪኮም ኢትዮጵያን ኪሳራ አሰፋው።